በሩን ዘግተን ያልፈተሽነው

ውድ ጋሼ፣

ጉልበትዎ እንዴት ነው? ሰሞኑን ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቴም ስለ ጉልበትዎ ብቻ ጠይቄ ዘጋሁ። የደወልኩት ለሌላ ነገር ነበር። አፌ ላይ እየደረሰ ሲመለስብኝ ይኸው ጻፍኩት።

ጡረታ ሊወጡ ሳምንት ሲቀርዎ አብረን የፈተሽነውን የሥጋ መጋዘን ያስታውሱታል? ማቀዝቀዣ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን የሚሠራ ሰው አደጋ ሲገጥመው ደረቱ ላይ ያለችውን መሣሪያ ቀይ ቁልፍ ይጫናል፤ ጥሪው በዋይፋይ አማካይነት የጥበቃው ስክሪን ላይ ይደርሳል። "ጣሪያ ላይ ያለውን የዋይፋይ ማሰራጫ አትጠይቂው፤ እሱ ሁሌም ደህና ነኝ ነው የሚልሽ። ሠራተኛው የያዛትን ጠይቂ" ይሉኝ ነበር። መሣሪያዋን ይዤ በየመደርደሪያው ዞርኩ። ሃያ ጥሪ ላክሁ፤ ሃያውም ደረሰ። ይሠራል ብለን ሁለታችንም ፈረምን።

ግን ጋሼ፣ በሩ ክፍት ነበር። እርስዎ ብርድ ላይ መቼም ጀግና አይደሉም፤ ደጅ ቀሩ። እኔ ከውስጥ እየጮህኩ እርስዎ እንዲመዘግቡ በሩን በእንጨት ሳጥን አስደገፍነው። እኔም ሳቅሁብዎ እንጂ ይዘጋ አላልኩም።

ማክሰኞ የመሣሪያዋን ባትሪ ልቀይር ሄጄ ይህ ትዝ አለኝ። ገብቼ ያንን ወፍራም የብረት በር ዘጋሁትና አሥር ጊዜ ተጫንኩ። መሣሪያዋ አሥሩንም ጊዜ "ተልኳል" አለችኝ። የውስጡን እጀታ በረዶ ስለያዘው በትከሻዬ ገፍቼ ወጣሁ። ጥበቃውን ስንት ደረሰህ አልኩት።

"የምን ስንት? አንድም አልመጣም። ይኸው አረንጓዴ ነው፣ ሰላም ነው።"

ወዲያው ሄጄ ለሥራ አስኪያጁ ብነግረው፣ "የሁለት ሰው ፊርማ ያለበትን በአንድ ሰው ቃል አላፈርስም" አለኝ። ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ብለምነውም ስልኩን አንስቶ ከሌላ ሰው ጋር ማውራት ጀመረ። በሩን እንደገና በሳጥን ላስደግፍ ብል ደግሞ ሥጋው ይበላሻል ብለው ከለከሉኝ።

ልጅዎ እዚያ ሥራ መጀመሯን አልነገሩኝም ነበር። ዛሬ ጠዋት በሩ ላይ አገኘኋት፤ ወፍራም ካፖርት ለብሳ ጓንቷን ታጠልቃለች። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት፤ ብቻሽን አትግቢ አልኳት። ደረቷ ላይ ያለችውን መሣሪያ በጣቷ መታ መታ አድርጋ ሳቀችብኝ።

"አባዬ ፈትሾ የፈረመበት እኮ ነው! አንቺ ከአባዬ ልትበልጪ ነው?"

ገባችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ፊርማችንን የሚሽር ወረቀት አለ። እኔ ፈርሜያለሁ፤ ከሥር ያለው ቦታ የእርስዎ ነው። ስምዎ እንዳይነሳ ብፈልግም አልሆነም፣ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤውን ያመጣልዎ ሾፌር ፈርመው እስኪመልሱለት ደጅዎ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ይህን የምጽፈው በዚያው ሳጥን ላይ ተቀምጬ ነው። በየጥቂት ደቂቃው በሩን አንኳኳለሁ፤ እሷም ከውስጥ ታንኳኳለች። አሁን ትንሽ ዘግይታ መለሰችልኝ። ነገ እኔ ሌላ ቦታ ተመድቤያለሁ፤ እሷ ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ትገባለች።

አክባሪዎ፣
በሩን ያልዘጋችው ተማሪዎ