ሁለት መቀመጫ ያላት ጀልባ

ሰኞ፣ የካቲት 17

ለልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን፣

ደህና ነሽ ወይ ብዬ ብጠይቅሽ መልሱን የምሰማው ይህ ወረቀት ደርሶሽ ስትመልሺልኝ ነውና፣ ደህና ነሽ ብዬ ራሴው መልሼ ልጀምር። እኛም አለን። ጉልበቴ ሲነጋ ይይዘኛል፣ ፀሐይ ሲሞቀኝ ይለቀኛል። አባትሽ ያ ሳሉ ለቆታል። ሱቁን እንከፍታለን፤ ግን እስከ ምሳ ነው የምንሠራው። ደንበኞቻችን ሱሪያቸው በቀጠሮው ቀን ስለማይደርስ ማጉረምረም ጀምረዋል። ምክንያቱን ልነግርሽ ነው ብዕር ያነሳሁት።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም ብለሽ እንዳትቆጪኝ። ቤታችንን ታውቂዋለሽ፤ እዚህ ጥግ ያስነጠሰውን እዚያ ጥግ ያለው ይማርህ ይለዋል። አባትሽ እየሰማኝ ስለ አባትሽ እንዴት አወራለሁ? ደግሞ ስንደዋወል አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ ካርዱ ያልቃል፣ ቁም ነገሩ ሳይነሳ ይቀራል። እሱ እንደሆነ ወንድምሽ ከጠፋ ወዲህ ስልክ አጠገብ አይደርስም። ሲጮህ ተነስቶ ይወጣል።

ልጄ፣ አባትሽ ጀልባ እየሠራ ነው።

እንዳትስቂ። ሞተር ያላት፣ እውነተኛ ጀልባ፣ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ፣ ልብስ የምናሰጣበት ቦታ ላይ። ዕድሜ ልኩን ከኮትና ከሱሪ በቀር ሌላ ነገር ያልሠራ ሰው፣ ሐይቅ ዳር ተወልዶ ዋና ያልተማረ ሰው፣ ፊቱን ሲታጠብ እንኳ ትንፋሹን የሚይዝ ሰው። የወንድምሽ ዕቃ ጫኝ ጀልባ የተገለበጠችው ማዶ ካለው ሸምበቆ ፊት ለፊት መሆኑን ነግሬሻለሁ። አብረውት የነበሩት ሦስቱ ዋኝተው ወጡ። ከሁሉም ይበልጥ ዋና የሚችለው እሱ ነበር፤ እሱ ግን የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ፈላጊዎቹ ፈልገው ፈልገው ሲሰለቻቸው ሄዱ። ሸምበቆው ውስጥ ግን አልገቡም፤ ጀልባችን ትልቅ ናት፣ ሥሩ የሞተሩ ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል አሉ።

አባትሽ ዓሣ አስጋሪዎቹን በየቤታቸው እየሄደ ለመናቸው። አንዱ መረቤ ይቀደዳል አለ፣ አንዱ ሞተሬ ተበላሽቷል አለ። አንደኛው ብቻ እውነቱን ተናገረ፤ "አባባ፣ እዚያ የማገኘውን ነገር በዓይኔ ማየት አልፈልግም" አለው። ያን ቀን አባትሽ ሜትሩን ከአንገቱ ላይ ሳያወርድ እስኪመሽ ተቀመጠ። በማግሥቱ ጣውላ አሸክሞ መጣ።

በሕይወት አገኘዋለሁ ብሎ ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል? "ላመጣው ነው" ነው የሚለው። ላመጣው! ከትምህርት ቤት ሊያመጣው የሚሄድ ይመስላል። የእሱን ነገር ሳይ ፍርሃት ይይዘኛል። ሐዘን ሰውን እንዲህ አድርጎ ይቀይራል ሲባል እሰማ ነበር። ጎረቤቶቻችን እንኳ ምን እንደሚሉን ጠፍቷቸዋል። እግዚአብሔር ያጽናችሁ እንዳይሉን ያየነው ነገር የለም፤ አይዟችሁ ይመጣል እንዳይሉን ወራት አለፉ። ስለዚህ ስለ ጨርቅ ዋጋ ያወራሉ።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ደውይና ከልክይው። እኔን አይሰማኝም፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አንቺን ግን እምቢ ብሎሽ አያውቅም። ስልኩ ጋ አልመጣም ካለ ጆሮው ላይ እይዝለታለሁ። ወንድምሽን ያስቀረ ውሃ እሱንም ጨምሮ ቢያስቀርብኝ እኔ ምን ይዤ ልቀር ነው?

ታዲያ አንቺስ ለምን ትረጂዋለሽ ትይኛለሽ። አዎ፣ እረዳዋለሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

ጥጉ ላይ ጋራዥ ያለው ያ መካኒክ፣ ብሎን የምንለው፣ ከስልኩ የጀልባ ንድፍ አውጥቶ አተመለት። እንዲህ ያለችው ጀልባ ለካ የምትሰፋ ናት። ስስ ኮምፔንሳቶ በልኩ ይቆረጣል፣ ጠርዝ ጠርዙ ይበሳል፣ በመዳብ ሽቦ ይሰፋል፣ ከዚያ ስፌቱ ላይ ሙጫና ፋይበር ይለጠፋል። አባትሽ ይህን ሲሰማ ወደ እኔ ዞሮ፣ "እኔ እቆርጣለሁ፣ አንቺ ትሰፊያለሽ። ዕድሜያችንን የሠራነው ይኸንኑ አይደል?" አለኝ። ምን ልበለው? ፒንሳውን ተቀበልኩት።

ንድፉን በልብስ ሳሙና ጣውላው ላይ ሣለው። ቆረጠ። እኔ ለጥቂት ቀናት ጣቶቼ እስኪደሙ ሽቦ ሳስገባና ሳጠማዝዝ ከረምኩ። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ጎኖች ፊት ለፊት አልገጥም አሉ፤ ጀልባዋ አፏን ከፍታ ቀረች። ብንስብ፣ ብንገፋ፣ ብንረግጥ ወይ ፍንክች። ብሎን መጣና በንድፉ ለካው። "አባባ፣ በየጠርዙ ይቺ ጣት የምታህል ትርፍ ምንድን ናት?" አለ።

"የስፌት ትርፍ ናታ" አለ አባትሽ፣ ኮስተር ብሎ።

ብሎን ጣውላውን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ልትተኩሱት ነው እንዴ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔ ራሴ እየሰፋሁት አልታየኝም እኮ! በጨርቅ ያረጀ እጅ ትርፍ ከሌለው ነገር ጋር አይግባባም። ሳቅን። አባትሽ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ወንድምሽ ከጠፋ ወዲህ ስንስቅ የመጀመሪያችን ነበር። ሽቦውን ፈታን፣ ትርፉን በመጋዝ ከረከምነው፣ እንደገና ሰፋሁት። ገጠመ።

የተጣላነው በሞተሩ ነው። አባትሽና ብሎን የወንድምሽን ሞተር ሳይክል ፈትተው ሞተሩን ለጀልባዋ ሊያደርጉት ሲመካከሩ ደረስኩባቸው። ጮኽኩባቸው ልጄ፤ ጎረቤት ሰማ። ሲመጣ በምን ሊሄድ ነው፣ ባለፈው ራሱ ልጄ ጎማ ሲቀይርለት አላያችሁም ወይ አልኳቸው። ብሎን አንገቱን ደፋ። አባትሽ ቁልፉን ይዞ ብሎኖቹን መፍታት ጀመረ። አሁን ግቢ ውስጥ የቀረው ጎማዎቹና ኮርቻው ነው። ኮርቻውን አቧራ እንዳይበላው በጨርቅ ሸፍኜዋለሁ።

ሌላም የማይገባኝ ነገር አለ። ንድፉ ላይ ሦስት መቀመጫ አለ፤ አባትሽ የሠራው ሁለት ነው፣ አንዱን ከፊት፣ አንዱን ሞተሩ ጋ። የመሃሉን ትቶ ወለሉን አለስልሶ ቀባው። ጎኗ እንዳይላላ ብሎ ከግራና ቀኝ በጠርብ አጠናከራት፤ መቀመጫውን ግን አልሠራም። ከብሎን ጋር ስትመለሱ ልጃችን የት ሊቀመጥ ነው አልኩት። ብሩሹን ማጠብ ያዘ።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ደርሷል። ቶሎ ደውይ።

ሐሙስ

ልጄ፣ ይህን ሳልልከው ከረምኩ፤ እንኳንም አልላክሁት። ከላይ የለመንኩሽን ተዪው። አትደውዪ፣ አትከልክይው።

ትናንት ጀልባዋ አለቀች። ብሎንና የጋራዡ ልጆች ተሸክመው ሐይቁ ዳር አወረዷት። አላፈሰሰችም፣ አንዲት ጠብታ አላስገባችም። ሞተሩ ሲነሳ የወንድምሽ ድምፅ ነው፤ ማታ ማታ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ የምንሰማው ድምፅ። ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። አባትሽ ያ ውሃ ፈሪው ጉልበቱ ድረስ ገብቶ፣ የደንበኛ ትከሻ ሲዳስስ እንደሚያደርገው ስፌቱን በጣቱ እየዳሰሰ ዞራት። "ስፌትሽ ጥሩ ነው" አለኝ። በትዳራችን ይህ ሁለተኛው ምስጋና ነው፤ የመጀመሪያውን አላስታውሰውም።

ከዚያ ሱቅ ገባን። ጥቅል ሸራ አውርዶ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋና እንደ ረጅም ከረጢት አድርጌ እንድሰፋው ነገረኝ። ቁመቱን ነገረኝ፣ ስፋቱን ነገረኝ። ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው፣ አልነካውም። በሳሙና እየጻፍኩ ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ለእሱ ነው አለኝ።

እኔም ደግ አሰብክ አልኩት። ልብሱ እርጥብ ይሆናል፣ ሸራ ነፋሱን ይከለክልለታል፣ ግን ከውስጥ ብርድ ልብስ ካላደረግንበት ይበርደዋል፣ ያ ሰማያዊው ይሻላል ወይስ የኔው ወፍራሙ እያልኩ እቀባጥራለሁ። አባትሽ መቀሱን አስቀመጠ።

"አይበርደውም" አለኝ።

የጻፍኩትን ቁጥር አየሁት። የወንድምሽ ቁመት ነው ልጄ። ስንት ሱሪ፣ ስንት ኮት ያን ቁመት ይዘን ሠርተናል። ትንሽ ይበልጣል፤ አባትሽ ዓይኔን ተከትሎ፣ "የስፌት ትርፉን ጨምሬበታለሁ" አለኝ። የመሃሉ መቀመጫ ለምን እንዳልተሠራ ያን ጊዜ ገባኝ። የሚተኛበት ቦታ ነው።

ተቀመጥኩ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ያውቃል ለካ። አንድም ቀን ሌላ ነገር አላለም፤ ላመጣው ነው አለ፣ የቀረውን ከራሴ አውጥቼ በእሱ አፍ ያስገባሁት እኔ ነኝ። አብዷል ብዬ ካንቺ ጋር ልመክር ስነሳ የበሩን ቁልፍ አሁንም ለወንድምሽ መስኮቱ ላይ እየተውኩለት የምተኛ እኔ፣ ሸሚዙን በየሳምንቱ የምተኩስ እኔ፣ ለሞተር ሳይክሉ የተጣላሁ እኔ። ማዶ ካሉት ቤቶች አንዱ ውስጥ ታሞ ተኝቶ ይሆናል፣ ስሙን ረስቶ ይሆናል ስል የከረምኩት እኔ ነኝ። ይህን ለአንቺም ነግሬሽ አላውቅም። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፤ እኔንም እንደዚያው ሲወስደኝ ከርሟል።

ካወቅህ ታዲያ ለምን ትሄዳለህ፣ ለምን ነፍስህን ትሰጣለህ አልኩት። "ሄደሽ የምታለቅሺበት ቦታ ይኑርሽ ብዬ ነው። በር በሩን ስታዪ ማየት አልቻልኩም" አለኝ። ጀልባዋ ለካ ለኔ ኖሯል የምትሠራው። ያን ያህል ጊዜ ሽቦ ሳጠማዝዝ አላወቅሁም።

ስለዚህ አብሬው እሄዳለሁ። የፊተኛው መቀመጫ ለኔ ነው የተሠራው፤ እሱ ሳይነግረኝ ቀድሜ አብሬህ ነኝ አልኩት። ነገ ጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሳ እንወጣለን። እኔ ሸምበቆውን በመቅዘፊያ እየገለጥኩ አያለሁ፣ እሱ ሞተሩን ይይዛል። ብሎን ከመንገደኛ ጀልባዎቹ ሁለት የመንሳፈፊያ ጃኬት ተውሶልናል፤ የአባትሽ አልዘጋ ስላለው ዛሬ ጎኑን አሰፋሁለት። ነገ ካላገኘነው ከነገ ወዲያ እንሄዳለን። ስትደውዪ ስልኩ ካልተነሳ አትደንግጪ፤ ቤት ስለሌለን ነው። ይህን ደብዳቤ ብሎን ዛሬውኑ ያስልክልሻል፤ የሆነውን ደግሞ እንደተመለስን ራሴ ደውዬ እነግርሻለሁ። አባትሽም ያናግርሻል፣ ተስማምቷል። ሲያናግርሽ አንቺ አታልቅሺ፣ እሱ ያልቅስ፤ አንድ ቀን እንኳ አላለቀሰም።

ሸራውን ሰፍቼ ጨርሻለሁ። ድርብ ስፌት ነው፣ በወፍራሙ ክር። ራስጌውን ግን አልዘጋሁትም። አባትሽ አንስቶ ዘርግቶ አየው። ክፍቱ ጋ ሲደርስ እጁን አስገብቶ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ አጣጥፎ ጀልባዋ ውስጥ አስቀመጠው። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። አንቺ ግን አልጋ ተጋርታችሁ ስላደጋችሁ ሳልነግርሽም ታውቂዋለሽ፤ ወንድምሽ ፊቱ ሲሸፈን ይጨንቀዋል።

በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ። የምትረግጪው መሬት ይጽናልሽ። ካለሽበት አገር በሰላም አውጥቶ ለዓይኔ ያብቃሽ።

የሁለታችሁም እናት