ከምልክቶቹ ሥር የሚቀረጸው ቃል

ለወንድም ዓለሜ ለታቫኬ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ካለህበት ይድረስህ። እንደምን ከርመሃል? የቫልፓራይሶ ብርድ ጠናብህ ወይስ ለመድከው? የወደቡ ሥራ ወገብህን አልጎዳህም? ማሪሶልስ፣ ሕፃኗስ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን፤ ዝናቡ ግን ሳምንቱን ሙሉ አላባራም። እኔ ብቻ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ትምህርቴን ጨርሼ ወደ ደሴታችን የተመለስኩ ዕለት፣ አያቶቻችን በእንጨት ላይ የቀረጹትንና እስከ ዛሬ ማንም ያላነበበውን ጽሕፈት አነባለሁ ብዬ መፎከሬን ታስታውሳለህ። እንጨቱ እንደምታውቀው ባሕር ማዶ ነው፤ በእጄ ያለው ፎቶግራፉ ነው። ከአንዱ መስመር ዐሥራ ሁለት ምልክት ወስጄ፣ ከፊታችን ካለው ትንሽ የዐለት ደሴት የመጀመሪያውን የወፍ እንቁላል ዋኝቶ ካመጣው ጀግና ተረት ጋር አገናኘሁት። የወፍ ራስ ያለው ሰው ጀግናው፣ ዓሣው የዋኘበት ባሕር፣ የተዘረጋው እጅ እንቁላሉን የያዘው። ተረቱን አባዬ በሚነግረን መንገድ ስከተለውማ ጀግናው የእኛ ዘር ሆኖ ቁጭ አለ! አባዬ በደስታ ሰፈሩን አዳረሰ። ሽማግሌዎቹም ምልክቶቹ ከነትርጉማቸው በአዲሱ ትምህርት ቤት በር ድንጋይ ላይ ይቀረጹ አሉ። የሚያጸድቁት ዛሬ ከሰዓት በሕዝብ ስብሰባ ነው።

ትናንት ምርቃት ፍለጋ ታላቅ አክስታችን ኑዋ ፌሊሲያ ዘንድ ሄድኩ። ስኳር ድንች እየላጡ ነበር። ፎቶግራፉን አዩና እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ተረት የሚነግሩባትን ያቺን ክራቸውን አወጡ። በጣቶቻቸው መካከል ወጥረው ወፍ ሠሩ፤ በእናታቸው ወገን ዜማ፣ እንቁላሉን ሳያመጣ የሰጠመውን ዋናተኛ ተረቱልኝ። ምልክቶቹ አንድ ሳይቀሩ ገጠሙ። ክሩን ፈትተው እንደገና ወጠሩት፤ አሁን ደግሞ ዓሣ አግብታ ባሕር የገባች ሴት። እሱም ገጠመ!

«ኑዋ፣ ታዲያ እውነተኛው የቱ ነው?» ብላቸው፣ «እኔ ምን አውቄ! የሰፈሩ ውሻ እኔ ስጠራው ወደ እኔ ይመጣል፤ አንቺ ስትጠሪው ወደ አንቺ። የማን እንደሆነ ማን ጠየቀው?» ብለው ሳቁብኝ። ቀጥለውም «ዩኒቨርሲቲ ድረስ የሄድሽው የአባትሽን ጉራ ለመጻፍ ነው እንዴ?» አሉኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን ፎቶግራፉን ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ።

እራት ላይ ለአባዬ ልነግረው ጀመርኩ። ፍርሃት መስሎት «ምነው ልጄ! የእኛ ዘር መቼ ውሃ ፈርቶ ያውቃል?» ብሎ ትልቁን የቱና ዓሣ ቁራጭ ሰሃኔ ላይ ጣለልኝ። እኔም ዓሣዬን በላሁ።

ወንድሜ፣ ውሳኔዬን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። ምልክቶቹ ይቀረጹ፣ ከሥራቸው ያለው ቦታ ግን ባዶ ይሁን፣ ምን እንደሚሉ አላውቅም እላለሁ። ተስፋ ቆርጬ እንዳይመስልህ። በየቤቱ ያለውን ተረት ሁሉ እሰበስባለሁ፤ ከእንግዲህ የምፈልገው ለተረቱ እምቢ የሚለውን፣ ከመጣው ሁሉ ጋር የማይገጥመውን ምልክት ነው። ግን አባዬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ይሆናል? ይህ ደብዳቤ በዛሬ ማታው አውሮፕላን ይመጣልሃል፤ ነገ ለአባዬ ስትደውልለት ለእኔ አትሟገት፤ እስኪበቃው ይጩህብህ።

ማሪሶልን ሳምልኝ፤ ትንሿን ቫይሄሬን ደግሞ እስክትስቅ ድረስ። አማቾችህን እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ። እማዬ የሙዝ ዳቦ ልካልሃለች። ኑዋ «ያ ዋና የማይችለው ልጅ እንዴት ነው?» ይሉሃል።

አባዬ በር ላይ ቆሞ እየጠራኝ ነው። ነጩን ሸሚዙን ለብሷል፤ የፊተኛውን ወንበር እንዳይቀድሙት ቸኩሏል።

እህትህ ሜራሂ
ሃንጋ ሮአ፣ ቅዳሜ ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም.