ከዘይነብ ቅጽ ያስቀረሁት ቃል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሐይቅ

የጎረቤቴ የመሬማ ልጅ ዘይነብ ትናንት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቅጽ ይዛ መጣች። ደሴ ለሚከፈተው የስፌት ባዛር የሚመረጡት «ክሪኤቲቭ» የሆኑት ብቻ ናቸው ይላል።

«እትዬ፣ ምን ማለት ነው?» አለችኝ።

«ፈጣሪ፤ ያልነበረውን የሚያመጣ» አልኳት። ልጅ ሳለሁ ሰውን በዚህ ቃል በመጥራቴ መምህሬ መዳፌን በማስመሪያ መትተውኛል።

እሷም ደነገጠች። «አስተግፊሩላህ! ፈጣሪማ አንድ አላህ ነው።»

ስለዚህ «እናቴ እንዳስተማረችኝ እሰፋለሁ» ብላ እንድትጽፍ ነገርኳት። ጻፈች፤ ዛሬ ጠዋትም በመኪና ላከችው።

የሰፋችውን ሌማት ያየሁት ከሰዓት በኋላ እነሱ ቤት ስገባ ነው። ንፋስ ሲነካው ሐይቁ ላይ የሚሄደውን መስመር ከመሀል እስከ ጠርዝ አስኪዳዋለች። እንዲህ ያለ ስፌት በዕድሜዬ አላየሁም።

መሬማን «አንቺ ነሽ ያስተማርሻት?» ብዬ ጠየቅኳት።

ሳቀች። «እኔ? እኔማ ጅን ሰፈረባት ብዬ ፈርቼ ነበር!»

ዘይነብ ግን ጉልበቴን ስማ «እትዬ፣ ከትዕቢት አዳኑኝ» ብላ አመሰገነችኝ። ተሰናብቼ ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩ። «ፈጣሪ» የሚለውን ቃል ለሰዓሊም ለሸማኔም ይሰጠዋል። ይህን ያህል ዘመን ሳስተምር አንድ ጊዜ እንኳ አልገለጥኩትም፤ የማውቀው መስሎኝ ነበር። ነገ ለዘይነብ መንገር አለብኝ። ቀጥሎ ደሴ ሄጄ ቅጹን መልሱልኝ ብል ማን ይሰማኛል? እዚያ ያሉት ሰዎች ሌማቱን አላዩትም። የሚያነቡት የእኔን ዓረፍተ ነገር ነው።