ፎቶ የተነሣው የሐዋ አጥር

ሰኔ 12 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለክብርት ሲስተር የኔነሽ
የምሥራች አገልጋይ እኅቶች ማኅበር የበላይ ኀላፊ
ደሴ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ

እጅግ የተከበሩ እናታችን፣ እንደምን ከርመዋል? የእርስዎና የእኅቶችዎ ጤና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የኮምፒውተሮቻችሁ ጤና እንደምን ነው? እኔ ኮምቦልቻ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ በመጻፍ የምተዳደር ይስማው ፈንታሁን ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ብሶት ስጽፍ ኖሬ በራሴ ስም ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ስለ ሆነ፣ ቃሌ ሻከር ቢል ይቅር እንዲሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

1. ማኅበራችሁ አምና ጉባኤ ተቀምጦ፣ ተልእኮው ከእንግዲህ በስልክና በኮምፒውተር ጭምር ለሕዝብ እንዲደርስ በመወሰኑ አመሰግናለሁ። ውሳኔው በራሱ ክፉ አይደለም። ክፋቱ፣ ይህንኑ ለማስፈጸም ሲስተር ወንጌላዊትን ከሰፈራችን አንሥታችሁ ደሴ ኮምፒውተር ፊት ማስቀመጣችሁ ነው። ለማያውቋት አንባቢዎች ስል፣ ሲስተር ወንጌላዊት ነርስ ናት፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየሐሙሱ ሰፈራችንን በእግሯ ስትዞር ኖራለች። አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ ያለበት ቤት አጥሩ ላይ ነጭ ጨርቅ ያስራል፤ እሷም ጨርቁን አይታ ትገባለች። ሙስሊም ነው ክርስቲያን ነው ብላ ጠይቃ አታውቅም። ካርድ ማውጣት፣ ወረፋ መያዝ የሚባል ነገርም አልነበረም።

2. በሐሙስ ፈንታ የፌስቡክ ገጽ ስለ ሰጣችሁን አመሰግናለሁ። እንዲጎበኝ የሚፈልግ በሽተኛ በገጹ መልእክት ይላክ የሚል ማስታወቂያ በራችሁ ላይ ተለጥፎ አይቻለሁ። ጎረቤቴ ወይዘሮ ሐዋ ግን ማንበብ አትችልም፤ ስልኳም ከመደወል በቀር ሌላ ሙያ የለውም። የስኳር በሽተኛ ስትሆን ግራ እግሯ ላይ የወጣውን ቁስል ሲስተር ወንጌላዊት በየሳምንቱ እያጠበች ትጠቀልልላት ነበር። ሲስተሯ መነሣቷን ብነግራትም "አብሽር ይስማው፣ እሷ ብትቀር ሌላ ይልካሉ፤ ሰው እንዲህ በዋዛ አይጥሉም" ብላ ጨርቋን ስድስት ሳምንት አሰረች። ሆስፒታል ልውሰድሽ ስላት ትንሽ እንጠብቅ አለችኝ፤ እኔም አመንኳት። ይህ የእኔ ጥፋት ነውና ከእናንተ ላይ አልደምረውም።

በሰባተኛው ሐሙስ ሰዎቻችሁ በእርግጥ መጡ። ጎረቤቶች እንዳዩት ሁለት ነበሩ፤ ካሜራ ይዘዋል። ሐዋ የመኪናውን ድምፅ ሰምታ ከመኝታዋ ሆና "ግቡ፣ ግቡ፣ በሩ ክፍት ነው" ብላ ተጣራች። እንግዶቹ በነጩ ጨርቅ እጅግ ተደስተው ኖሮ፣ ከግራም ከቀኝም ፎቶ አንሥተውት ወደ መኪናቸው ተመለሱ። እኔ ከሥራ ስገባ "መጥተው ሄዱ፤ ምን አጠፋሁ?" ነበር ያለችኝ።

3. ፎቶው በዚያው ቀን "ነጭ ጨርቅ፣ የሕዝባችን የተስፋ ምልክት" ተብሎ በገጻችሁ በመውጣቱና ሦስት መቶ አርባ ሰው ስለ ወደደው እንኳን ደስ አላችሁ። ይህን ያወቅሁት ደሴ ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ከምትሠራው ልጄ ከሳምሪ ነው። ከፎቶው ሥር ሲስተር ወንጌላዊት "ይህ የሐዋ አጥር ነው። ማን ገብቶ አያት?" ብላ ጽፋ ነበር፤ ሳምሪም በስልክ አነበበችልኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጥያቄው ከገጹ ተነሣ። ፎቶው ግን እስከ ዛሬ አለ።

በማግሥቱ ጠዋት ሲስተር ወንጌላዊት ማንንም ሳታስፈቅድ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወርዳ መጣች። የሐዋ እግር ጠቁሮ ነበር። ሲስተሯና እኔ ሐዋን ደግፈን ሆስፒታል ወሰድናት። ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ። ሐኪሙ፣ ሦስት ሳምንት ቀድማ መጥታ ቢሆን እግሩ ይተርፍ ነበር አለን። ሲስተሯ ያለ ፈቃድ በመውጣቷ ተገሥጻ ወደ ሩቅ አገር መዛወሯን ሰምቼ፣ ለማኅበራችሁ ሥነ ሥርዓት ያለኝ አድናቆት ከቃል በላይ ሆኗል።

የተከበሩ እናታችን፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ሐዋ ሙስሊም ናት፤ ስለ ማኅበራችሁ ደንብ የመናገር መብት የለን ይሆናል። ነገር ግን ይህ ሰፈር ማኅበራችሁን የወደደው በሐሙስ ምክንያት ነው። ገጹን አቆዩት፤ አሳምሩት። ሐሙስን ግን መልሱልን። በየቤቱ የሚጠብቅ ሰው አለ፤ እኔ ተናድጃለሁ፣ እነሱ ግን አሁንም ያምኗችኋል።

የገጽዎ ተከታይ ይብዛ፣ የመብራት መቋረጥ ደጅዎን አይርገጥ እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ይስማው ፈንታሁን
ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ኮምቦልቻ

ግልባጭ፦
ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ፣ በማኅበሩ በር ላይ

ከፊርማ በኋላ፦ ባለፈው ሳምንት ከቢሯችሁ ተደውሎ፣ ለዓመታዊው በዓል ሐዋ ፈገግ ብላ ፎቶ እንድትነሣ፣ ፎቶውም ከወገብ በላይ እንዲሆን ተጠይቀናል። ሐዋ እሺ ብላለች። የሚያነሣት ሰው ግን አስቀድሞ ቤት ገብቶ ይቀመጥ፣ አልጋ ልብሱንም ራሱ ገልጦ ይይ ብላለች።