«ዐርፈዋል» የተባሉት አባቴ ስለደረሳቸው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ

ቀን፦ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሾላ ጥላ አካዳሚ
ለርእሰ መምህርት ወ/ሮ የሻሽወርቅ
ጉርድ ሾላ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በአባቶች የበጎ ፈቃድ ቀን ተገኝቼ ሳለሁ እንዳልተገኘሁ፣ በሕይወት የሌሉት አባቴ ደግሞ ያለ በቂ ምክንያት እንደቀሩ ተቆጥሮ የተሰጠው ውሳኔ እንዲታረም ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ጸጋአብ ላጲሶ፣ የሦስተኛ ክፍል «ለ» ተማሪ የናኦሚ ጸጋአብ ወላጅ አባት ስሆን፣ ኦሎምፒያ አካባቢ በሚገኝ ማተሚያ ቤት ላለፉት ዐሥራ አራት ዓመታት በጽሑፍ አራሚነት ሠርቻለሁ። ሙያዬን የጠቀስኩት ለመመካት አይደለም። ከዚህ በታች የሚታየው ስሕተት በአንድ አራሚ እጅ አልፎ መሄዱ ከማንም በላይ የሚያሳፍረው እኔኑ መሆኑን አስቀድሜ ለማመን ነው።

1. በጥር ወር መጨረሻ ልጄ ከቦርሳዋ ውስጥ ከሙዝ ልጣጭ ጋር የተጣበቀ ቅጽ አውጥታ ሰጠችኝ። «የአባቶች የአንድ ቀን በጎ ፈቃድ አገልግሎት መመዝገቢያ» ይላል። «የተማሪ ስም» በሚለው ላይ የልጄን ስም ሞላሁ። ቀጥሎ «ስም» ይላል፤ ጸጋአብ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ «የአባት ስም» ይላል። ክብርት ርእሰ መምህርት፣ በዚህ አገር ከቀበሌ መታወቂያ ጀምሮ እስከ ባንክ ደብተር ድረስ «ስም» ከሚለው ቀጥሎ «የአባት ስም» የሚል ክፍት ቦታ ያየ ሰው፣ እጁ ራሱ ሄዶ የወላጅ አባቱን ስም ይጽፋል። እኔም ላጲሶ ሄራሞ ብዬ ጻፍኩ። ትምህርት ቤቱ ግን «የአባት ስም» ሲል ለአገልግሎት የሚመጣውን አባት፣ «ስም» ሲል ደግሞ ቅጹን የሞላውን ሰው ማለቱ እንደነበር የተረዳሁት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

2. በዚያው መስመር ላይ፣ ከ«የአባት ስም» በነጠላ ሰረዝ ብቻ ተለይተው «ዕድሜ» እና «የጤና ሁኔታ» ይከተላሉ። አራት ነጥብ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ተዘግቶ ጥያቄው ወደ እኔ በተመለሰ ነበር። ነጠላ ሰረዝ በመሆኑ የሚጠየቀው የአባቴ ዕድሜና የአባቴ ጤና ነው። የአባቴ ጤና ለትምህርት ቤቱ ምን እንደሚረባው አልገባኝም፤ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ፈርተው ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ስለዚህ ዕድሜ በሚለው ላይ የዛሬ ስምንት ዓመት ከዚህ ዓለም ሲለዩ የነበራቸውን 79 አሰፈርኩ። ለጤና ሁኔታ የተተወው ቦታ አንድ ቃል ብቻ ስለሚይዝ «ዐርፈዋል» አልኩ።

3. የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ወ/ት ሰብሊ ይህን ቃል ያነበቡበት መንገድ አያስወቅሳቸውም። የተመዘገብነው ሠላሳ አራት ሰዎች ነን። ሌሎቹም አባቶች ሰዋስው ሳያማክሩ እኔ በነጠላ ሰረዝ የደረስኩበት ቦታ ደርሰው፣ የየአባቶቻቸውን ስም፣ ዕድሜና ሕመም ሞልተዋል። ስኳር፣ ግፊት፣ ወገብ፣ ጆሮ፣ አሁንም ወገብ። በዚህ ሁሉ መካከል አንድም በሽታ ያልተጻፈባቸው የ79 ዓመቱ አቶ ላጲሶ ሄራሞ ብቻ ነበሩ። «ዐርፈዋል» ይላል። ወ/ት ሰብሊም ሰውዬው በቂ ዕረፍት አድርገው እንደሚመጡ ተረድተው በኅዳጉ ላይ «ዐርፈው ስለሚመጡ ከባድ ሥራ ይሰጣቸው» ብለው ጽፈዋል። ውሃ ማመላለስና የገመድ ጉተታ ቡድን መሪነት ለአባቴ የተሰጡት በዚህ ምክንያት ነው።

4. የካቲት 14 ቀን፣ ዓርብ ጠዋት፣ ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ወስጄ፣ ጫማዬን አስጠርጌ፣ ልጄን ይዤ በሩ ላይ ተገኘሁ። የጥበቃ ሠራተኛው አቶ ረታ ዝርዝሩን በጣታቸው ተከትለው እስከ ታች ከወረዱ በኋላ ጸጋአብ የሚባል እንደሌለ ነገሩኝ። የናኦሚ አባት ግን እንዳሉና ስማቸው ላጲሶ ሄራሞ እንደሆነ አከሉ። እሳቸው የእኔ አባት መሆናቸውን አስረዳሁ።

«ታዲያ እሳቸው ይምጡ እንጂ» አሉኝ።

«መምጣት አይችሉም፤ ዐርፈዋል።»

«እሱማ እዚህም ተጽፏል። ካረፉ ምን ያስቀራቸዋል?»

ሞተዋል ማለቴ መሆኑን በግልጽ ስነግራቸው አቶ ረታ ኮፍያቸውን አውልቀው ነፍስ ይማር አሉ። ከልባቸው ነበር። ከዚያም ኮፍያቸውን መልሰው አድርገው፣ ያለ ባጅ ሰው ማስገባት እንደማይችሉ፣ ያለው ባጅ ደግሞ ይኸው ብቻ እንደሆነ አስታወቁኝ። «እሱን ያንጠልጥሉና ይግቡ። ላጲሶ ሲባል አቤት ማለት ነው፤ ምን አስቸገረ» አሉኝ። ልጄ እጄን እየጎተተች ነበር። «ላጲሶ ሄራሞ፣ 79 ዓመት» የሚለውን ባጅ አንገቴ ላይ አጥልቄ ገባሁ።

5. ውስጥ ስደርስ ሠላሳ ሦስቱም አባቶች የየአባቶቻቸውን ስም ከነሕመሙ ደረታቸው ላይ አንጠልጥለው አገኘኋቸው። ሠላሳ ሁለቱ ብል ይሻላል። እንደኛው የተመዘገቡት የአቶ ኪዱ ወላጅ አባት አቶ ተስፋማርያም በሕይወት ያሉ በመሆናቸው፣ የልጅ ልጃቸው «አባቶች ተጠርተዋል» ስትላቸው የ81 ዓመቱ ሰው ምርኩዛቸውን ይዘው በራሳቸው እግር መጥተዋል። ባጁ የእሳቸው ስለሆነ ልጃቸው አቶ ኪዱ ከበር ተመልሰዋል። በዕለቱ ሰነዱ የተሟላለት ሰው ቢኖር አቶ ተስፋማርያም ብቻ ናቸው።

6. ትምህርት ቤቱ ለአረጋውያን ያደረገውን ዝግጅት ሳላመሰግን አላልፍም። በየወንበሩ ላይ ትራስ ነበር። ሻዩ ስኳር አልነበረውም። ሲስተር ብሩክታይት በየሰዓቱ እየዞሩ ግፊታችንን ይለኩ ነበር፤ የእኔ በአራተኛው ልኬት ከፍ ያለው በመለካቱ ብዛት ይመስለኛል። አስቀድሞ የታቀደው የእግር ኳስ ጨዋታ ለጤናችን ሲባል ተሰርዞ «የጥንት ዘመን ትዝታ» በሚል የተረት ክፍለ ጊዜ ተተካ። የአርባ አንድ ዓመት ሰው ነኝ። ያለኝን ጥንት ሰበሰብኩ። ስለ ሳንቲም ስልክ፣ ካሴት በእስክሪብቶ ስለ ማጠንጠን፣ ቴሌቪዥን ባለው ጎረቤት ቤት ጫማ አውልቆ ስለ መግባት ነገርኳቸው። ሕፃናቱ አፋቸውን ከፍተው አዳመጡኝ። ሮሃ የምትባል የልጄ ጓደኛ እጇን አውጥታ በዚያ ዘመን ዳይኖሰሮቹ የት ይተኙ እንደነበር ጠየቀችኝ። ያደግኩት ሆሳዕና መሆኑንና በዚያ አካባቢ እንዳላየሁ በሐቅ መለስኩ።

7. የገመድ ጉተታው አባቶችን ከመምህራን ያጋጠመ ነበር። አቶ ተስፋማርያም በምርኩዛቸው ዳኙት። መምህራኑ ዐይናቸው የሚያየውንና ባጁ የሚለውን ማስታረቅ አቅቷቸው፣ የሰው ሽማግሌ ሰበሩ እንዳይባሉ እየፈሩ ሳቡ። ሦስት ለዜሮ ረታናቸው። ከኋላዬ የነበሩት፣ ቦሌ ለሚ ልብስ ስፌት ፋብሪካ በጥራት ተቆጣጣሪነት የሚሠሩት አቶ ሉቃስ «ጋሽ ላጲሶ፣ በሰባ ዘጠኝ ዓመትዎ እንዲህ ከሳቡ በጎልማሳነትዎ የሳቡት ተራራ ነው» አሉኝ። እኔም በባጃቸው ላይ ባለው ስም «ጋሽ መንግሥቱ፣ ወገብዎን ይጠብቁ፤ ተጽፎብዎታል» ብዬ መለስኩላቸው። የሁለቱም እጆቼ መዳፍ ተልጧል። ልጄ ከመስመሩ ዳር ሆና «ባባ» እያለች ስትጮኽ ድምፅዋ የተዘጋው ያን ዕለት ነው፤ እስከ ሰኞ አልተከፈተላትም።

8. ከዚህ በኋላ ፎቶ አንሺው እያንዳንዱን አባት ከልጁ ጋር አነሣ። ቀጥሎ የመውጫ ፊርማ መጣ። ጥፋት ከተባለ ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ሌሎቹ አባቶች በተሰጣቸው ስም ትይዩ እንደፈለጋቸው ጫሩ። እኔ ግን በሟች ስም ሰነድ ላይ መፈረም ምን እንደሚባል ስለማውቅ፣ «ላጲሶ ሄራሞ» ከሚለው ትይዩ «ጸጋአብ» ብዬ በሚነበብ ጽሕፈት ፈረምኩ።

9. ይህም ታማኝነት ሦስት ነገር አስከተለ። አንደኛ፣ በየካቲት 18 ቀን በተጻፈ ደብዳቤ አባቴ አቶ ላጲሶ ሄራሞ «ተመዝግበው፣ ኃላፊነት ተቀብለው፣ ያለ በቂ ምክንያት በመቅረታቸው» የመጀመሪያ ደረጃ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ሁለተኛ፣ «ማንነቱ ያልተረጋገጠ ግለሰብ ቀኑን ሙሉ በግቢው ውስጥ ገመድ ሲጎትትና ለሕፃናት ታሪክ ሲያወራ ስለዋለ ወላጆች ጥንቃቄ እንዲያደርጉ» የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ተለጠፈ። ማስታወቂያውን የለጠፉት አቶ ረታ ሲሆኑ እኔን ሲያዩ ሰላምታ ሰጥተውኝ ነው የለጠፉት። ሦስተኛ፣ በኮሪደሩ ባለው «የአባቶቻችን ግድግዳ» ላይ ሠላሳ ሦስት ፎቶዎች ሲሰቀሉ የናኦሚ ፍሬም ባዶውን ቀረ። ከሥሩ «አባት አልተገኙም» ይላል። ፎቶው ምርመራው እስኪያልቅ በቢሮዎ መሳቢያ ውስጥ እንደሚቆይ ተነግሮኛል።

10. የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በሳቅ ማለፍ እችል ነበር። አቤት ያልኩት በሦስተኛው ምክንያት ነው። ልጄ ማክሰኞ ዕለት ባዶው ፍሬም ላይ በእርሳስ የሳለችኝን ሥዕል ለጥፋ ነበር፤ መመሪያ አይፈቅድም ተብሎ ተነሣ። የክፍሏ ልጆች አባትሽ ማንነቱ አይታወቅም ይሏታል፤ በሩ ላይ የተጻፈውን አንብበው ስለሆነ ሐሰተኞች አልላቸውም። ትናንት ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ፣

«ባባ፣ አንተ ግን መጥተህ ነበር አይደል?» አለችኝ።

ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በዐይኗ አይታኛለች፤ ጮኻልኛለች። ወረቀት ግን ከዐይኗ በለጠባት። የተላጠውን መዳፌን ዘርግቼ አሳየኋት። አገላብጣ አየችውና «እሺ» አለችኝ። «እሺ» ያለችውም ማኅተም የሌለው ደብዳቤ እንደሚቀበል ሰው ነው።

11. እዚህ ላይ ስለ አባቴ ትንሽ መናገር ግድ ይለኛል። አባቴ ሆሳዕና ውስጥ ወፍጮ ቤት ነበራቸው። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ዐሥራ አንድ ጊዜ «ወላጅ አምጣ» ተብያለሁ። አባቴ ዐሥራ አንዱንም ጊዜ «ወፍጮ ቆሞ ሰው አይጠብቅም» ብለው የሚዛን ሠራተኛቸውን ላኩልኝ። ሰውዬው ዱቄት እንደለበሰ መጥቶ፣ ስለ እኔ ጥፋት ከእኔ በላይ ይቅርታ ጠይቆ ይመለስ ነበር። አባቴ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የትምህርት ቤት ክፍያዬ አንድ ቀን ዘግይቶ አያውቅም። የትምህርት ቤቴን በር ግን ሳያዩ ዐረፉ። ያ ቅጽ ከሙዝ ልጣጭ ጋር ተጣብቆ ሲመጣ ቁጭ እንኳ ሳልል የሞላሁት ስለዚህ ነው።

ስለሆነም ከላይ የተዘረዘረው ተመርምሮ፣

ሀ) ጸጋአብ ላጲሶ በዕለቱ መገኘቱ፣ አቶ ረታ፣ ሲስተር ብሩክታይትና አራቱ የግፊት ልኬቶቼ በምስክርነት ተይዘው፣ በልጄ ማኅደር እንዲመዘገብ፤

ለ) ፎቶው ከመሳቢያው ወጥቶ በፍሬሙ ውስጥ እንዲሰቀል፣ ይህም ለመጪው ሳምንት ሳይሻገር እንዲፈጸምና ልጄ ቆማ እያየች እንዲሆን፤

ሐ) በሩ ላይ ያለው ማስታወቂያ እንዲነሣ፤ ይህ ቢያስቸግር «ማንነቱ ተረጋግጧል፤ የናኦሚ አባት ነው» የሚል መስመር ከሥሩ እንዲጨመርበት፤

መ) ቅጹ ለመጪው ዓመት ከመታተሙ በፊት ያለ ክፍያ እንዳርመው እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የሚያስፈልገው አንድ አራት ነጥብ ነው።

ለአባቴ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ግን እንዲነሣላቸው አልጠይቅም። ዘግይቶ የመጣ ይሁን እንጂ ይገባቸዋል። ለፋሲካ ሆሳዕና ስሄድ መቃብራቸው ላይ ቆሜ በንባብ አሰማቸዋለሁ፤ ወፍጮው ቆሟልና አሁን ምክንያት የላቸውም። ስሄድ የፎቶው አንድ ቅጂ ቢሰጠኝ ደግሞ ማስጠንቀቂያውን ካነበብኩላቸው በኋላ አሳያቸዋለሁ። በፎቶው ላይ አንዲት ልጅ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የአንድ ሰው እጅ ይዛ ትስቃለች። የሰውዬው ደረት ላይ «ላጲሶ ሄራሞ» ይላል።

ዐሥራ ሁለተኛው ጥሪ ላይ መጥተዋል ማለት ነው።

መልስዎን ቆሜ እየጠበቅሁ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ስም፦ ጸጋአብ።
የአባት ስም፦ ላጲሶ።
ዕድሜ፦ 41፣ የራሴ።
የጤና ሁኔታ፦ አላረፍኩም።

ግልባጭ፦
ለወ/ት ሰብሊ፣ ጽሕፈት ቤት
ለአቶ ረታ፣ ጥበቃ ክፍል
ለናኦሚ ጸጋአብ፣ ሦስተኛ ክፍል «ለ» (ማኅተም ሲደረግበት)