ዘንድሮም ሾፌሩ ዘገየ

ይድረስ ለጥሩዬ፤

ከተለየሽን ወዲህ ክረምቱ አልፎ፣ አቧራው ተመልሶ፣ ገና መጣ። ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ደህና ነኝ ብልሽ ስለማታምኚኝ አልልሽም። ጉልበቴ ግን ደህና ነው፤ ሶደሬ ወስደሽ ፍል ውሃ ውስጥ እንደ ሽምብራ ከዘፈዘፍሽኝ ወዲህ አላስቸገረኝም።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። ፓፓያው አፍርቷል፤ የሚበላው ግን ወፍ ነው። ዶሮውን ዘንድሮ የሠራችው የእህትሽ ልጅ ማርታ ናት። ጨው በዝቶበት ነበር። እኔም እጅሽ ይባረክ፣ የአክስትሽን ያስንቃል አልኳት። አትቀየሚኝ፤ ልጅቷ እያለቀሰች ነው የሠራችው፤ ጨው የበዛውም ለዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ልጽፍልሽ የተቀመጥኩት ግን በየገናው ስለምናየው ፊልማችን ነው። ከምሳ በኋላ ሁሉም ቴሌቪዥኑን ሰረቅ እያደረገ ያያል፤ የሚከፍተው ግን ጠፋ። ማርታ ጠጋ ብላ፣ ጋሼ፣ ዘንድሮ እንኳ ይቅርብን፣ ዘፈን ነገር ልክፈት አለችኝ። ለእኔ ብላ ነው። እሺ ልላት ምንም አልቀረኝም ነበር። ፈርቼ ነበር፣ ጥሩዬ። ያላንቺ ካየሁት መሄድሽን ያመንኩ መሰለኝ፤ ካላየሁት ደግሞ አብረን ያሳለፍነውን በዓል ሁሉ በገዛ እጄ የዘጋሁት መሰለኝ።

የገላገሉን አዴ ጫልቱ ናቸው። እንደ ወትሮው ከጎረቤት መጥተው ሶፋው ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ክፈቱት እንጂ፣ ያ ሰውዬ መንገድ ላይ ሊያድር ነው እንዴ አሉ። ሳቅን። ማርታም ከፈተችው።

ያው ነው ፊልሙ። ሾፌሩ በገና ዋዜማ ከሻሸመኔ ተነስቶ ወደ ናዝሬት ይበራል። ሚስቱ ጾሙን ከእሱ ጋር ልትፈታ መሶቡን ከድና ትጠብቀዋለች። እሱ ቡልቡላ ሲደርስ መኪና የተበላሸበት ሰው አይቶ ይቆማል። አንቺ ታዲያ እዚህ ላይ በየዓመቱ ትቆጪው ነበር። አንተ ሰው አትቁም፣ ሴትዮዋ እኮ እህል አልቀመሰችም ትይዋለሽ። እኔም፣ በይ ጮክ በይ፣ ዘንድሮ ሳይሰማሽ አይቀርም እያልኩ አሾፍብሽ ነበር። አንዴማ ፊልሙ ታድሷል፣ አሁን በጊዜ ይደርሳል ብዬ የሰፈሩን ልጆች አስወርቼ፣ አንቺም በግማሽ ልብሽ አምነሽ ነበር።

ዘንድሮ ቡልቡላ ላይ ሲቆም ማንም አልተቆጣውም።

እኔ የሱቅ መጠቅለያ እያነበብኩ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ የፊልም አዋቂ አይደለሁም። ግን ያ ፊልም ለምን እስከ ዛሬ እንደሚያስለቅሰን ያን ጊዜ የገባኝ መሰለኝ። ምስሉ ደብዝዟል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ሰውዬው እንደሚዘገይ አገር ያውቃል። እያወቅንም ዘንድሮ እንኳ በደረሰ እንላለን። እኔም ታመሽ በተኛሽ ጊዜ ሐኪሙ የነገረኝን እያወቅሁ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ዛሬ ተነስታ ትሰድበኝ ይሆናል እያልኩ የመኝታ ቤትሽን በር አይ ነበር።

ፊልሙ ውስጥ በሩ የሚንኳኳበት ቦታ ላይ ሁልጊዜ፣ ሳህን ላነሳሳ ብለሽ ወደ ጓዳ ትገቢ ነበር። እኔም ስታለቅሺ እጅ ከፍንጅ ልይዝሽ ተከትዬሽ እሮጣለሁ። ለካ ሁለታችንም መጨረሻውን አይተነው አናውቅም።

ዘንድሮ የምከተለው ሰው ስላልነበረ ተቀምጬ አየሁት። ልንገርሽ። የሚደርሰው በማግስቱ ነው። ሴትዮዋ አትቆጣም፣ የት ነበርክም አትለውም። እጁን ታስታጥበዋለች። መሶቡን ትከፍታለች። ወጡ ቀዝቅዟል። የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ አፏ ሲያደርስ እሷ እጁን ደግፋ ትጎርሳለች። በቃ፣ እዚያ ላይ ያልቃል። ዘፈን እንኳ የለውም።

አለቀስኩ፣ ጥሩዬ። አዴ ጫልቱ አንገታቸውን ደፉ፤ ማርታ እጄን ያዘችኝ። ማንም አላሾፈብኝም፤ የከፋኝም እሱ ነው።

እኔ እስካለሁ ይህ ፊልም በገና ከዚህ ቤት አይቀርም። ከእኔ በኋላም ማርታ አደራ ተቀብላለች። ጓዳ ገብተሽ ያመለጠሽን ሁሉ፣ ቁጭ ብዬ እያየሁልሽ እነግርሻለሁ።

ያንቺው ነገረኛ ባልሽ፣
ተሰማ