የጥድ አጥራችንና መሰላሉ

ዘመነ፣

ተኝተህ ስለነበር አልቀሰቀስኩህም። ለስልጠና ሉማሜ ሄጃለሁ፤ ሐሙስ ጠዋት እመለሳለሁ። በግራ እጅህ እንጀራ መቁረስ ስለሚያስቸግርህ ፍርፍር ሠርቼልሃለሁ፤ ማንኪያው አጠገቡ ነው።

ግማሹ ሳይከረከም የቀረው የጥድ አጥራችን ጸጉሩን እየተስተካከለ መብራት የጠፋበት ሰው መስሏል። ይምሰል! የቀኝ እጅህ ጄሶ ሳይፈታ መቀስ ይዘህ እንዳትወጣ።

ያንን የባሕር ዛፍ መሰላል ለማገዶ ፈልጬዋለሁ። ለአከራያችን ለእትዬ ፋንታነሽ «መርገጫው ተሰብሮ ጣለው» ስላቸው አንተም ሰምተህ ዝም አልክ።

መርገጫው አልተሰበረም።

መሪጌታ ሀይለመለኮት በደጃችን ሲያልፉ መሰላሉን የለቀቅኩት እኔ ነኝ። እሳቸውን በአንድ እጅ ሰላም ማለት እንዴት ይሆንልኛል? ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ሰላም ስላቸው፣ አንተ ከኋላዬ መሬት ላይ ነበርክ።

አሁን ከጎረቤት የብረት መሰላል ተውሻለሁ። እግሩ ሰፊ ነው፤ ጫፉንም ከወፍራሙ ጥድ ጋር በገመድ ጥፍር አድርጌ አስሬዋለሁ። ሐሙስ የምወጣው እኔ ነኝ። አንተ ከታች ሆነህ የተንጋደደውን ብቻ ንገረኝ፤ መያዝ አይጠበቅብህም።

መሪጌታ ቢያልፉም ገመዱ ሰላም አይልም።

ስማቸው